በሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ስለተገጠመው ሬዲዮ

የምስክሩ ስም፦ አሸብር ወልደየስ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የመድኃኒት ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ
የትምህርት ደረጃ፦ 12ኛ ክፍል
አድራሻ፦ ጋምቤላ ከተማ፣ ቀበሌ 03
ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ኦጅዋክ ኦማን

ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ ጎረቤቴ ደመቀች በሩን እየደበደበች «ጋሽ አሸብር፣ ተነሱ! ኛሩአችን ባሮ ዳር ፈታሾች ይዘዋታል፤ በእርስዎ ዕቃ ነው አሉ» አለችኝ። ሸሚዜን ገልብጬ ለብሼ ሮጥኩ። ስደርስ ወደ ማታር የሚወስዳት ጀልባ ሄዷል። ነጋዴዋን ወይዘሮ ኛሩአችን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲወስዷት አገኘኋት። «የሊና አባት፣ ሳሙና መስሎኝ ተሸክሜ፣ ሳሙናህ ያወራል አሉኝ!» አለችኝ።

ዕቃው የኔ ነው። የሠራሁትም እኔ ነኝ። ልጄ ሊና ማታር ጤና ጣቢያ ተመድባ ከሄደች አራት ወሯ ነው፤ ብቻዋን ናት። ወሬ እንድትሰማ ብዬ የአንድ አሮጌ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ አውጥቼ በባለቤቴ የፕላስቲክ ሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ገጠምኩት። ትናንት ለሊና እንድታደርስልኝ ለኛሩአች ስሰጣት መንገድ ላይ እንዳይከፈት ብዬ ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ውስጡ በወረቀት ሦስት ነገር ጻፍኩ፦ 1ኛ ክዳኑን አትክፈቺ። 2ኛ ሽቦውን ከፍ አድርገሽ ስቀይው። 3ኛ ሳጥኑ እስከ አዲስ አበባ ይሰማል።

የተያዘችው በሦስተኛው ነው። እኔ የጻፍኩት «ሰ» ላልቶ ነው፤ ጆሮ ይሰማል እንደሚባለው፣ የአዲስ አበባን ጣቢያ ይቀበላል ማለቴ ነው። ፈታሾቹ «ሰ»ን አጥብቀው አነበቡት፤ እዚህ የተወራው እዚያ የሚሰማበት መገናኛ ሬዲዮ መሰላቸው። በወረቀት ሁለቱም አንድ ነው፤ ስጽፍ አላሰብኩትም።

2 ሰዓት ተኩል ላይ ሃምሳ አለቃው ፊት ከፈትኩት። «ይሄ ሁሉ እግር ያለው ምንድነው፣ በረሮ ነው?» አሉኝ። ትራንዚስተር ነው፣ እግሮቹ እንዳይነካኩ በቁስል ፕላስተር ለያይቻቸዋለሁ አልኩ። ረጃጅሞቹን ዕቃዎች ክዳኑ እንዲገጥም አስተኝቻቸዋለሁ። ቀዳዳዎቹን በጋለ ምስማር በሳሁ። መጀመሪያ በሻማ ነበር ያጣበቅኩት፤ በኛ አገር ሙቀት ቀትር ላይ ቀልጦ ሁሉም አንድ ጥግ ተከማቸ። ስለዚህ የነጠላ ጫማ ጎማ ቆርጬ አነጠፍኩና ጀልባው እንዳያነቃንቃቸው በክር ሰፋኋቸው። «ሰፍተውት ነው?» ብለው ጎንበስ አሉ፤ ስፌቱን አንድ በአንድ አዩት።

ከዚያ «ይናገሩበት» አሉኝ። «ሄሎ፣ ሄሎ» አልኩ፤ መልስ የለም። እሳቸውም ሞከሩት። ሽቦውን መስኮቱ ላይ ስሰቅለው ከአዲስ አበባ አንድ ሰውዬ የአየር ጠባይ ሲያነብ መጣ። ሃምሳ አለቃው ጆሯቸውን አስጠግተው «ይሰማል» አሉ፤ «ሰ» ላልቶ። ኛሩአች ከአግዳሚው ሆና «ከጠዋት ጀምሮ አላውቅም እላለሁ። ሳጥኑን ሰማችሁ፤ እኔንስ ማን ሰማኝ?» አለች።

እሷ ስለ ዕቃው ምንም አታውቅም። የሚጠየቅ ካለ እኔ ነኝ።

ቃሌ ተነቦልኛል፤ «ይሰማል» የሚለውም እኔ እንዳልኩት ተነቧል። ያልሆነ የጨመርኩት፣ የሆነ የደበቅሁት የለም።

የምስክሩ ፊርማ፦ አሸብር ወልደየስ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ ኦጅዋክ ኦማን

ከፊርማ በኋላ ምስክሩ ያስጨመረው፦ ነሐሴ ላይ ሊና በወባ ስትወድቅ ኛሩአች ጭነቷን ማታር ላይ ከጀልባው አውርዳ፣ ልጄን በቦታው አስተኝታ አመጣችልኝ። ምንም አልተቀበለችኝም። አሁን ተለቃለች፤ የሚቀጥለው ጀልባ ግን ከስምንት ቀን በኋላ ነው። የነሐሴውም የዛሬውም ብድሯ አልተከፈለም።