ማገሩን ያዝ!

ዱብቲ በመምህርነት በተመደብኩ በወሩ፣ አናጺው ጋሽ ደምሴ የጥጥ እርሻው ሠራተኞች ልጆች የሚማሩበትን ክፍል ጣሪያ ሲከድኑ ላግዛቸው አብሬያቸው ላይ ወጣሁ። ምስማሩ ገና በቅጡ ሳይመታ ድንገት አቧራ ያዘለ ነፋስ መጣና አንዱን ቆርቆሮ ከነማገሩ ብድግ! ጋሽ ደምሴ በደረታቸው ተደፉበት።

«ማገሩን ያዝ!» ብለው ጮኹ። እኔ የቀረበኝ እንጨት ላይ ጥምጥም አልኩ!

«እሱማ ወራጁ ነው! ማገሩ በላዩ የተጋደመው ነው!» አሉኝ።

ይኼኔ የራሷን ቤት በገመድ እያሰረች በእጇ የሠራችው አፋሯ ጎረቤታችን ፋጡማ ከታች የዘንባባ ገመድ ወረወረችልኝ። «መምህር፣ ሁለቱን አንድ ላይ እሰር! አጥብቀው!»

ማገሩን ከወራጁ ጋር ጠፈርኩት። ነፋሱ ደጋግሞ ታገለው፤ ጣሪያው ግን ንቅንቅ አላለም! እዚያው ላይ ሆኜ በደስታ ጮኽኩ። ጋሽ ደምሴ አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ ወደ ታች አዩና፣ «ፋጡማዬ፣ ሌላ ገመድ አለሽ?» አሏት።