ሦስተኛው መለከት

መለከቱ ከጉብታው ማዶ ተነፋ። ነፊው አይታይም፤ ድምፁ ግን ቁልቁል ተንደርድሮ መጥቶ የአንጥረኛውን የሃቬልን መዶሻ አየር ላይ አስቀረው። የሽማግሌው ልብ እንደ ጎረምሳ ዘለለ። የመጀመሪያው መለከት «ተዘጋጁ» ማለት ነው፤ ሁለተኛው «ተሰብሰቡ»። ሦስተኛው ሲነፋ ሰዉ ሁሉ ድልድዩን ተሻግሮ የወንዝ ማዶውን መንደር ይመታል።

ከፊቱ አርባ የእህል መውቂያ ተደርድሯል፤ ረጅም እጀታና አጭር መምቻ በብረት ቀለበት የተያያዙበት፣ በቦሄሚያ ገበሬ ቤት ሁሉ የማይጠፋ ዕቃ። ቀለበቶቹን ባለፉት ዓመታት የሠራው ራሱ ሃቬል ስለሆነ በእያንዳንዱ ላይ የእሱ ምልክት፣ ትንሽ መዶሻ፣ ተቀርጿል። አሁን መምቻዎቹ ላይ ምስማር እየቸነከረ የራስ ቅል መፍለጫ ያደርጋቸዋል። ሠላሳ ስምንቱን ጨርሷል።

በዚህ መሀል ቤኔሽ የሚባለው የጎረቤት ልጅ የዱቄት ጆንያ ተሸክሞ ከወፍጮ ሲመጣ አየው። ቤኔሽ ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን እስኪያዘጋው ድረስ ፕራግ ሁለት ዓመት የተማረ ወጣት ነው።

«ና እስቲ የፕራጉ ሊቅ፣ ምስማር አቀብለኝ። በላቲን ካልሆነ አልችልም እንዳትል ብቻ።»

«በአገሬም ቋንቋ አልችልም፣ አባባ ሃቬል» አለ ቤኔሽ፣ ሸክሙን አውርዶ። «ለዚህ ሥራ እጄን አልሰጥም።»

ሽማግሌው ደሙ ፈላ። መስቀል ደረቱ ላይ የሰፋ ጦር ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጁን ዮሽትን እንዴት እንደገደለበት፣ የወንዝ ማዶ ሰዎች ለዚያ ጦር ዳቦ እንዴት እንዳቀበሉ አንድ በአንድ ዘረዘረለት። ቅዱሱን ጽዋ ለካህን ብቻ ነው ብለው ምእመኑን የሚከለክሉትም እነሱ ናቸው። ቄሱስ ባለፈው እሑድ ምን ብለው አስተማሩ? «ሰይፉን ከደም የሚከለክል ርጉም ይሁን» የሚለውን ቃል አይደል?

ሐዘኑ እውነት ነበር። ነገር ግን ሐዘን ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ ምስክር አይጠራም።

«ጌታችንም ጴጥሮስን ሰይፍህን ወደ ሰገባው መልስ ብሎታል» አለ ቤኔሽ።

«ጴጥሮስ የቆረጠው ጆሮ ነው። እኔ የተቆረጠብኝ ልጅ ነው።»

ቤኔሽ ወደ ሽማግሌው ቀረበ። «እውነት ነው። ጆሮውን ግን መልሶ የቀጠለው ማን ነው? ሊያስሩት ከመጡት የአንዱን ጆሮ እኮ ነው።»

ሃቬል መዶሻውን አጮኸው። ሠላሳ ዘጠነኛው አለቀ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ ልጁ። «እሑድ የቆረብንበት ዱቄት የት ተፈጨ?»

«ኦስዋልድ ዘንድ ነዋ። ሌላ ወፍጮ የት አለና።»

«ኦስዋልድ ደግሞ የወንዝ ማዶ ሰው ነው። ልጁን አግነስን ክርስትና ያነሷት እርስዎ ነዎት፤ አበልጅዎ ነው። እሱ የፈጨውን ዱቄት እግዚአብሔር ሥጋዬ ብሎ ከተቀበለው፣ እኛ ፈጪውን ምን ብለን እንገድለዋለን?»

ሁለተኛው መለከት ተነፋ፤ ቀርቧል። ሃቬል አርባኛውን መውቂያ አነሣ። እጀታው በሰው መዳፍ ተልጎ ያበራል፤ የአለቃው የዛቪሽ ነው። ዛቪሽ የጦር አለቃ ከመሆኑ በፊት ስንዴውን የሚወቃው በዚህ ነበር። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ምስማር ቸነከረበት።

ያን ጊዜ ቤኔሽ ከጆንያው ጀርባ አንድ የተጠቀለለ ነገር ፈታ። እሱም መውቂያ ነው፤ ምስማር ተቸንክሮበታል፣ ግን ጠማማ፣ የአንጥረኛ ያልሆነ ሥራ።

«ኦስዋልድ ነው ለአበልጄ አሳይልኝ ያለኝ። እሱ እንቢ ብሏል። ጎረቤቶቹ ግን ቄሳቸው ተነሡ ስላሏቸው ሁሉም እንዲህ አድርገዋል።»

ሃቬል ቀለበቱን ወደ ብርሃን አዞረው። ትንሽ መዶሻ። የራሱ ምልክት። ለካ ስንቱን ዓመት ለወንዝ ማዶም ሲሠራ ኖሯል።

«ዮሽትን የገደለውስ?» አለ፣ ቀለበቱን ሳይለቅ። «የእኔ ምልክት ነበረበት?»

«እሱን አላውቅም፣ አባባ። ጌታውን የሚለይ ዱላ ግን የለም።»

ሽማግሌው መዶሻውን አስቀመጠ። ጉጠቱን አነሣ። አንዱን መውቂያ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ የመጀመሪያውን ምስማር ነቀለ፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ቤኔሽ ሳይጠራ ሌላ ጉጠት ያዘ። ላባቸው እየተንጠባጠበ እንደ እብድ ነቀሉ።

የመጨረሻው ምስማር ባልዲው ውስጥ ሲወድቅ ዛቪሽ በሩ ላይ ነበር። መለከቱ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አርባዬስ፣ ሽማግሌ?»

«ይኸውልህ አለቃ። አንድም አልጎደለም።»

ዛቪሽ ባልዲውን አየ። ፊቱ ጠቆረ። «በዚህ ነገር ሰው እንደሚሰቀል ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ከመሰቀሌ በፊት ግን ስማኝ።» ሃቬል ጠማማ ምስማር ያለበትን የማዶውን መውቂያ ዘረጋለት። «ምልክቱን እይ። ዛሬ ብትሻገር የእኔ ሥራ ከእኔ ሥራ ጋር ይጋጫል፤ የሚሞተው ግን ሰው ነው። ጽዋውን አልተውም፣ እስክሞት ከጽዋው እጠጣለሁ። ግን ጽዋውን በሰው ደም አልሞላውም። ስንዴው ሜዳ ላይ ነው፤ ዝናብ ሳይቀድመን በእነዚህ እንውቃው። ወፍጮው ሳይነካ ይፍጭልን። ከምስማሩ ማጭድ እሠራለሁ፣ ለእኛም ለእነሱም። ቤኔሽ አሁን ተሻግሮ እነሱም ይንቀሉ ብሎ ይንገር፤ እኔም አብሬው እሄዳለሁ፣ አበልጄ ያምነኛል። ልጅ የቀበርኩ እኔ ነኝ፣ ዛቪሽ። ሌላ ሰው እንዲቀብር አልፈልግም።»

ውጭ ሰዉ ሦስተኛውን መለከት እየጠበቀ ይንጫጫል። ዛቪሽ ጎንበስ ብሎ ከአርባው መሀል አንዱን መረጠ፤ እጀታው የተላገውን፣ የራሱን። ምስማሩ የነበረበትን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ከዚያ መለከቱን ከአንገቱ አውጥቶ ብረት መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አስቀመጠና፣ መውቂያውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ወደ ስንዴው ሜዳ ወጥቶ ሄደ።