ቡሩል አልፈርምም ያሉበት ቀን

ወደ ታሽ ቡላክ የሚወርደው ሚኒባስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ገደሉ መታጠፊያ ሲደርስ ቆመ። ለሦስት ቀን ያላባራው ዝናብ ተራራውን ንዶ ጭቃና ድንጋዩን መንገዱ ላይ ዘርግፎት ኖሯል። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና «ዶዘሩ እስኪመጣ ውረዱና እግራችሁን አፍታቱ» አለ።

ተሳፋሪው ሁሉ እያጉረመረመ ወረደ። ከሁሉ ይልቅ የተጨነቁት ግን ማምቤታሊ የሚባሉ የስድሳ ስምንት ዓመት አዛውንት ነበሩ። በዚያው ቀን በዘጠኝ ሰዓት ውል አዋዋዩ ቢሮ ተገኝተው የቤት ግዢ ውል መፈረም ነበረባቸው። ማምቤታሊ ዕድሜያቸውን ሙሉ በላይኛው ሜዳ ፈረስ ሲያረቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ዘንድሮ ግን የባለቤታቸው የቡሩል ኩላሊት ደክሞ ሐኪሙ በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በመሣሪያ እንዲታጠብ አዘዘ። ከሜዳው ታሽ ቡላክ እስካለው ሆስፒታል መንገዱ የግማሽ ቀን ነው። ስለዚህ ማምቤታሊ ከሆስፒታሉ አጠገብ ቤት ለመግዛት ፈረሶቻቸውን እስከ መጨረሻዋ ውርንጭላ ድረስ ሸጡ። ሰው የዕድሜ ልክ ልፋቱን በአንድ ፊርማ ሊለውጥ ሲል ልቡ ቢሸበር አይፈረድበትም።

ከቡሩል ጋር መንገዱ ዳር ቆመው ሰዓታቸውን በየደቂቃው ሲያዩ አንዲት የፕላስቲክ ቦት ጫማ ያደረገች ወጣት ከወደ ታች በጭቃው እየተሻገረች መጣች።

«አባባ ማምቤታሊ! እማማ ቡሩል! እንዴት ናችሁ? አላወቃችሁኝም እንዴ? የኦሞር ልጅ ነኝ፤ ኡልጃን።»

ኦሞር የማምቤታሊ የልጅነት ወዳጅ ነበር፤ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ልጁ መሐንዲስ ሆና የታሽ ቡላክ ማዘጋጃ ቤት እንደቀጠራት ሰምተው ነበር። ሥራዋ ጎርፍና እሳት የጎዳውን ቤት እየዞሩ መመርመርና የጉዳቱን መጠን መጻፍ ነው። ያን ዕለትም መንገዱን ልታይ ነበር የመጣችው። ቡሩል ግንባሯን ስመው አጠገባቸው ድንጋይ ላይ አስቀመጧትና የመጡበትን ጉዳይ ነገሯት።

«ቤቱ የት ነው?» አለች ኡልጃን።

«ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ወንዙ ዳር» አሉ ማምቤታሊ። «ቃልመት የሚባል ሰው ነው የሚሸጥልን። በቅርቡ በኖራ ተለቅልቆ እንደ ሙሽራ ነው የሚያበራው።»

«መድንስ ገብታችኋል?»

«የምን መድን?»

«የቤት መድን ነዋ፣ አባባ። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ስትፈርሙ ቤቱ የእናንተ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ጀምሮ ቢቃጠል የተቃጠለው የእናንተ ቤት ነው። ቃልመት ገንዘቡን ይዞ ሄዷል። መድኑ ከፊርማው ጋር በአንድ ቀን ካልጀመረ...»

«አፍሽን በቁርበት!» ብለው አቋረጧት ማምቤታሊ። «ገና ሳልገባበት ታሟርቺብኛለሽ?»

«መናገር ማሟረት ከሆነስ ሐኪሙም በእማማ ላይ አሟርቷል ማለት ነው።»

ቡሩል በሻርፓቸው አፋቸውን ከልለው ሳቁ። ማምቤታሊ ግን ፊታቸውን አልፈቱም።

«ስሚ ልጄ፤ ቤት የሚጠብቅ አላህ ነው።»

«አሜን። ፈረሶችዎን ማታ ሲለቁ ግን እግራቸውን አያስሩም ነበር?»

«አስር ነበር።»

«አላህ አይጠብቃቸውም ብለው ነው?»

«ፈረስማ እግር አለው፤ ቤት ወዴት ይሄዳል?»

ኡልጃን በእጇ ወደ መንገዱ አመለከተች። ትናንት አስፋልት በነበረበት ቦታ በሬ የሚያህል ቋጥኝ ተጋድሟል። ማምቤታሊ አዩትና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሺ ይሁን» አሉ። «ክፉ ቀን ቢመጣ እንኳ ጎረቤት አለ። አባቴ ቤቱ ሲፈርስበት መንደሩ በደቦ ወጥቶ በሦስት ቀን ሠራለት። ወረቀት የፈረመ ማንም አልነበረም። የእኔ መድን ሰው ነው።»

ማምቤታሊ ይህን ሲናገሩ ደረታቸው ተነፋ። እውነትም የሚያኮራ ነገር ነው፤ ኡልጃንም ይህንን ስለምታውቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር የመለሰችው።

«ደቦውን አልነቅፍም አባባ፤ አባቴም በዚያ ነው ያደገው። ነገር ግን የአንድ ሰው ቤት ሲፈርስ መንደሩ ይደርስለታል። ጎርፉ የመንደሩን ቤት በሙሉ በአንድ ቀን ሲያፈርሰውስ ማን ለማን ይደርሳል? ባለፈው ዓመት በታችኛው ሰፈር አሥራ ዘጠኝ ቤት ጻፍኩ። አሥራ ዘጠኙም ደጃፋቸው ላይ ጭቃ ሲዝቁ ነበር። ጎረቤቱን የሚረዳበት እጅ የተረፈው ሰው አላገኘሁም። መድን ማለት የማይተዋወቁ ሰዎች ዕድር ነው። ጎርፍ ያልደረሰበት የሩቅ አገር ሰው ያዋጣው ለእርስዎ ይደርሳል፤ የእርስዎም ለእሱ።»

ማምቤታሊ ከዘራቸውን ጭቃው ውስጥ ተከሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

«ዕድር አልሽ? በድሮው መንግሥት ጊዜ መድን ገብቼ ነበር፤ ለልጃችን ለሠርጓ ብዬ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በየወሩ፣ አንድም ወር ሳላጓድል ከፈልኩ። መንግሥቱ ፈረሰ፣ ገንዘቡ ረከሰና የሰጡኝ ምን ገዛ መሰለሽ? አንድ ጥንድ ካልሲ! ያንን ካልሲ ይዤ ሚስቴ ፊት ቆሜያለሁ። ሁለተኛ እንዲህ አድርጌ አልቆምም።»

የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የተጎዳን ሰው በክርክር ሊረታው ይሞክራል። ኡልጃን ግን አንገቷን ደፍታ «እውነትዎን ነው፤ ያ ግፍ ነበር» አለች። ቀጥላም «ይኼኛው ግን ለአሥራ አምስት ዓመት የሚጠራቀም ቁጠባ አይደለም፤ ለአንድ ዓመት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ወይ ያድሱታል፣ ወይ ይተዉታል። ገንዘቡ ቢረክስ የሚያጡት የአንድ ዓመት መዋጮ ብቻ ነው። ድርጅቱም ፈቃድ እንዳለው አስቀድመው ይጠይቃሉ» አለች።

«በቃ! እኔ የምፈርመው አንድ ወረቀት ነው፤ እሱም የቤቱን» አሉ ማምቤታሊ።

ዶዘሩ መጥቶ መንገዱን ጠረገ። ሲሳፈሩ ቡሩል የኡልጃንን ክንድ ያዝ አድርገው «አንቺም ነይ፤ አጠገቤ ተቀመጪ» አሏት።

ውል አዋዋዩ ቢሮ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ቃልመት ቀድሞ ደርሶ በረንዳው ላይ ይንጎራደዳል። አምሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው።

«የት ጠፋችሁ አባባ? ሌላ ገዢ ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል!» አለ።

ውል አዋዋዩ ወረቀቱን አነበበ። ማምቤታሊ ብዕሩን አንስተው ፈረሙ። ከዚያ ወረቀቱ ወደ ቡሩል ዞረ፤ በሕጉ መሠረት የባልና ሚስት ንብረት ያለ ሁለቱም ፊርማ ለግዢ አይውልምና።

ቡሩል ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስተኙት።

«እኔ አልፈርምም።»

«ምን?» አሉ ማምቤታሊ።

«የመድን ሰው መጥቶ ቤቱን አይቶ ዋስትናው ከዛሬ ይጀምራል እስኪለን ድረስ አልፈርምም። ፈረሶቹ የሄዱት በእኔ በሽታ ነው። እኔ ነገ ብሞት አንተ መጠለያ አጥተህ መቅረት የለብህም።»

«ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?»

«አርባ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት አክብሬሃለሁ። ዛሬ አንድ ቀን ስማኝ።»

ቃልመት ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «ምን መድን ያስፈልጋል? ቤቱ እንደምታዩት ነው! አባባ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው በዚች ልጅ ምክር ይሄዳሉ? እስከ አሥር ሰዓት እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ለሌላው እሸጣለሁ፤ ሞቼ ነው የምጠብቃችሁ!»

ማምቤታሊ ሚስታቸውንና ሻጩን አፈራርቀው ተመለከቱ። ቤቱ ካመለጣቸው ወዴት ይሄዳሉ? ነገ ጠዋት ቡሩል ሆስፒታል መገኘት አለባቸው። ሆኖም አንድ ነገር ልባቸውን ቆረቆራቸው። ሃምሳ ዓመት ፈረስ ሲሸጡና ሲገዙ ኖረዋል፤ ገዢ የፈረሱን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ሊያይ ሲል የሚቆጣ ሻጭ ምን እንደሚደብቅ ያውቃሉ።

«ልጄ፣ ለሰውዬው ደውይለት» አሏት ኡልጃንን።

ሁሉም ወደ ቤቱ ሄዱ፤ የመድን ድርጅቱ ባለሙያም በግማሽ ሰዓት እዚያ ደረሰ። ባትሪ የያዘ፣ ወሬ የማያበዛ ወጣት ነው። ግድግዳውን አንኳኳ፤ የኤሌክትሪክ ቆጣሪውን ከፍቶ አየ፤ ከዚያ መሰላል ጠይቆ ኮርኒሱ ውስጥ ገባ። ከታች አራቱ አንጋጠው ቀሩ። ከላይ የእግሩ ኮቴ ይሰማል፤ ቀጥሎ ፀጥ አለ።

«አባባ፣ መውጣት ይችላሉ?» አለ ከላይ።

ማምቤታሊ ወጡ። ባለሙያው ባትሪውን ወደ ምድጃው ጭስ ማውጫ አበራ። ቆርቆሮው ቱቦ ምንም መከለያ ሳይኖረው በእንጨቱ መሀል ያልፋል። በዙሪያው ያሉት ሦስት ወራጆች፣ ጣሪያውን የተሸከሙት እንጨቶች፣ በኖራ ተለቅልቀዋል። ማምቤታሊ በጥፍራቸው ጫር ሲያደርጉት ኖራው ተልጦ ጥቁር ከሰል ጣታቸው ላይ ቀረ።

ወርደው ቃልመትን ኮሌታውን ያዙት።

«ሚስቴን እዚህ ውስጥ ልታቃጥላት ነበር?»

ቃልመት አልታገለም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። «ሌላ ገዢም የለም» አለ። «የዛሬ ሁለት ክረምት ነው። ጣሪያው ተያያዘ። ጎረቤት በባልዲ ደረሰልኝ፤ ዕድሜ ይስጣቸው። ለመጠገን የመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰው መጣ። በሁለተኛው አራት። በሦስተኛው እኔና ወንድሜ ብቻ ቀረን። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሁሉም የየራሱ ጣሪያ አለበት። ቆርቆሮውን ጨረስኩ፣ ወራጁን መለወጥ አቃተኝና በኖራ ሸፈንኩት። መድን ሲሉኝ ‹በጸደይ እገባለሁ› እያልኩ አሳልፌዋለሁ። ሚስቴ ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ለዚህ ነው የምሸጠው።»

ማምቤታሊ ኮሌታውን ለቀቁ። የኡልጃን ክርክር ያልከፈተውን በር የዚህ የተሸነፈ ሰው ቃል ከፈተው። ቁጣቸው ግን ገና አልበረደም፤ ወደ ባለሙያው ዞረው የጥያቄ ዶፍ አወረዱበት።

«እሳት ቢነሳ ትከፍላላችሁ?»

«ጭስ ማውጫው በጡብ ከተሠራ፣ ወራጆቹም ከተለወጡ። እንዲህ እንዳለ ግን አንከፍልም።»

«የጭቃ ጎርፍስ?»

«ቤቱ ወንዙ ዳር ስለሆነ መዋጮው ከፍ ይላል። ውስጡ ያለው ዕቃም ለብቻው ይመዘገባል።»

«ብዋሽህስ?»

«ያን ጊዜ ወረቀቱ ዋጋ የለውም፤ በእኛ ሳይሆን በራስዎ ጥፋት።»

ማምቤታሊ ይህን መልስ ወደዱት። ጉድለቱን አስቀድሞ የሚናገር ነጋዴ ብዙ አላጋጠማቸውም።

በዚያ ቀን ምንም አልተፈረመም። ባልና ሚስቱ በኡልጃን ቤት ሰነበቱ። ቃልመት በአምስት ቀን ውስጥ ወራጆቹን ለወጠ፤ ጭስ ማውጫውን በጡብ ሠራ፤ ማምቤታሊ ራሳቸው ጡብ አቀበሉት። ሐሙስ ዕለት ቡሩል ፈረሙ፤ የመድኑም ውል በዚያው ጠረጴዛ፣ በዚያው ሰዓት ተፈረመ። ማምቤታሊ ግን ቡሩል የዕቃውን ነገር ሲያነሱባቸው «ለአሮጌ ምንጣፍ ማን ይከፍላል!» ብለው ዘለሉት።

በሚቀጥለው ግንቦት ወንዙ ሞላ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሸለቆው እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ሲመጣ ማምቤታሊ ቡሩልን ደግፈው ወደ ሆስፒታሉ ጉብታ ወጡ። ከዚያ ሆነው ጭቃው የጓዳቸውን ግድግዳ ገፍቶ ሲገባ አዩ። በመንገዱ ላይ ሰው ይጮኻል፤ ቡሩል የባላቸውን እጅ አልለቀቁም።

ባለሙያው በሦስተኛው ቀን መጣ። ከለኩና ከተከራከሩ በኋላ ማምቤታሊ ከጠየቁት ያነሰ፣ ከፈሩት ግን እጅግ የበለጠ ካሳ በሰባተኛው ሳምንት ተከፈለ። ጓዳው በብሎኬት ተሠራ። ምንጣፎቹና የቡሩል የስፌት መኪና ግን በጭቃ ተበልተው ቀሩ፤ በወረቀቱ ላይ አልነበሩማ። ማምቤታሊ ለአንድ ሳምንት ከራሳቸው ጋር ተጣሉ። ቡሩል አንድ ቀን እንኳ «ነግሬህ ነበር» አላሉም፤ ማምቤታሊን የበለጠ ያሳፈራቸውም ይኸው ነው።

በመኸር ወራት ማምቤታሊ መድኑን ሊያድሱ፣ በዚያውም ዕቃውን ሊያስመዘግቡ ወደ ከተማው መሀል ወጡ። በውል አዋዋዩ ቢሮ ደጃፍ ሲያልፉ ወጣት ባልና ሚስት ወረቀት ይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ማምቤታሊ አልፈው ሄዱ፤ ከዚያ ተመለሱ።

«ልጆች፣ ቤት ልትገዙ ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ከመፈረማችሁ በፊት ቤቱን የመድን ሰው ይይላችሁ። ዐይኑ ከእናንተ ዐይን ይለያል፤ የእናንተ ወዶታል፣ የእሱ አልወደደውም። መድኑ ቁልፉን በምትቀበሉበት ሰዓት ይጀምር። የማይከፍሉበትን አንቀጽ ከሚከፍሉበት አስቀድማችሁ አንብቡ። አትዋሹ። ምንጣፉንም አስመዝግቡ። አላህ አያምጣው እንጂ፣ ቢመጣ ተንበርክካችሁ የሰው እጅ አታዩም፤ እንዲያውም ጎረቤታችሁን የምትረዱበት እጅ ይተርፋችኋል።»

ወጣቱ በጥርጣሬ ከእግር እስከ ራሳቸው ተመለከታቸው። «ይቅርታ አባባ፤ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነዎት?»

«የለም» አሉ ማምቤታሊ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ። «የቤት ባለቤት ነኝ።»