በነጭ ላይ ነጭ

ተጨማሪ የምስክር ቃል

የቃል ሰጪው መጠሪያ፦ «ውሃ ልክ» (በሥራም በሰፈርም የሚታወቁት በዚሁ ስለሆነ ይኸው ይጻፍልኝ ብለዋል)
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ የሴራሚክ ሠራተኛ፣ 26 ዓመት የሠሩ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው የብረት በር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20
የቃል ሰጪው ሁኔታ፦ ረቡዕ ተጠርጣሪ፣ ሐሙስ ምስክር

እኔ ከላይ መጠሪያዬ የተጻፈው ይህን ቃል የምሰጠው ማንም ሳያስገድደኝ ነው። እንዲያውም ትናንት ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በዚሁ ጠረጴዛ የሰጠሁትን ቃል ላርም ብዬ ራሴ ለምኜ ነው የተቀመጥኩት። የትናንቱ ግማሹ ውሸት ነው። የሰው ቤት ገብቼ አዲስ ሥራ የሰባበርኩት ስላላማረኝ ነው ብዬ ነበር። እንደዚያ ያልኩት ሌላ ሰው ላለማጋለጥ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ነገሩ እዚሁ ፊታችሁ ስለወጣ ከእንግዲህ የምደብቀው የለም። (ቃል ሰጪው ሦስት ጊዜ ተነሥተው ስለቆሙ እንዲቀመጡ ተነግሯቸዋል።) መቀመጥ አቅቶኝ እንጂ ንቀት አይደለም። ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፣ ቁጭ ብድግ።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ደውላ፣ የእናቷ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የእጅ መታጠቢያው ሳህን የተቀመጠበት መደብ ተሰነጣጥቋልና በሴራሚክ ይልበስልኝ አለችኝ። የድሮው ቀይ የሲሚንቶ ልስን ነበር። እናቲቱ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ የሚኖሩትም ብቻቸውን ነው፤ እኔ እማማ ነው የምላቸው። ልጃቸው በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስትሄድ ብቅ እያለች የደም ግፊት ክኒናቸውን መደቡ ላይ ታስቀምጥላቸዋለች። የጠዋቱን በስተቀኝ፣ የማታውን በስተግራ። ሁለቱም ክኒን ነጭ ነው። ነጭ የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፣ ጣጣው ሁሉ ከእሷ ነው የመጣው።

ሴራሚክ ለመምረጥ ሦስት ቀን ሱቅ ተመላለስን። ወይ ጉድ! እንደዚያች ልጅ የሚመርጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ግራጫውን «ገና ሳይነካ ያደፈ ይመስላል» አለች። ቡናማው ጨለመባት። አበባ ያለበትን አንሥታ «ይሄማ የሳሎን መጋረጃ ነው» ብላ መለሰችው። ፎቶ አንሥታ ለወንድሟ ላከች፣ ባለ ሱቁን ጠየቀች፣ እኔን ጠየቀች፣ የበር ቁልፍ ሊገዛ የገባ የማናውቀውን ሰውዬ ሳይቀር አስቁማ ጠየቀች። ያልጠየቀችው እናቷን ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ይዛቸው መጥታ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቀውን ነጩን ሴራሚክ በቀኝ እጇ ከፍ አድርጋ «እማዬ፣ አያምርም?» አለቻቸው። እማማም «ያምራል፣ ልጄ» አሉ። እሳቸው የሚያዩት ግን በስተግራ የተከመረውን የሽንት ቤት መቀመጫ ነበር። እኔ አየኋቸው። ልጃቸው ዓይኗ ሴራሚኩ ላይ ነበር።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሳህኑ ነጭ፣ ግድግዳው ነጭ፣ መደቡ ነጭ፣ ጠርዙም ነጭ ሲሆን ዓይኑ የደከመ ሰው መደቡ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይለይም። ባለሙያ ነኝ የምል ሰው «ጠርዙ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይግባበት» ማለት ነበረብኝ። ባለቤት ከወደደው ሠራተኛ ምን አገባው ብዬ ዝም አልኩ። አራት ካርቶን ነጭ ተጫነና ሄድን።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። በመጀመሪያው ቀን እማማ የምጠጣው ውሃ ሲቀዱልኝ ጣታቸውን ብርጭቆው ውስጥ ከተቱ፣ ውሃው ጣታቸውን ሲነካ አቆሙ። እኔ መዶሻዬን ይዤ ቀጥ አልኩ። ዝምታዬን ሰሙና «አየኸኝ አይደል?» አሉኝ። «ጠጣ፣ እጄ ታጥቧል።» ከዚያ በሩን ዘግተው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ እንዳታውቅ አደራ። ጎረቤቴ ወድቃ የተሰበረች ዕለት ‘እማዬ፣ አንቺም ዓይንሽ ከደከመ እኔ ጋ ነው የምትኖሪው’ ብላኛለች። አራተኛ ፎቅ ነው ያለችው። እዚህ ከአልጋዬ እስከ መታጠቢያ ቤቱ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፣ ከበሩ እስከ ደረጃው ስድስት። ቤቴ ውስጥ ዓይነ ስውር አይደለሁም። ከዚህ ያወጣችኝ ቀን ግን ያኔ ታወርኩ።» ምላሴ ይቆረጥ አልናገርም አልኳቸው። ሥራው ሲያልቅ ውሃ ልኬን መደቡ ላይ አስቀመጥኩ፣ አረፋው መሃል ላይ ቀጥ አለ። አቤት ኩራቴ! ልጃቸው እጇን ነጩ ላይ እያንሸራተተች አመሰገነችኝ፣ እኔም ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ባለፈው ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ለሌላ ሥራ በዚያ ሳልፍ እግረ መንገዴን ሰላም ልበላቸው ብዬ አንኳኳሁ። ግንባራቸው አብጧል። «ና ሥራህን እይ» ብለው ወደ መታጠቢያ ቤቱ ወሰዱኝ። ቆመው በሁለት መዳፋቸው መደቡን ዳበሱ፣ ክኒን ፍለጋ ነው። ክኒኗ ከጣታቸው አንድ ስንዝር ርቃ ተቀምጣለች፣ እኔ አያታለሁ፣ እሳቸው አያዩዋትም። «እዚያ ጋ ናት» ከማለቴ በፊት በክንዳቸው ነኳትና ተንከባላ ሳህኑ ውስጥ ገባች። እሁድ ዕለትም የጠዋቷን ሲያጧት የማታዋን ወስደዋል። ቆይተው የጠዋቷን በእጃቸው ሲያገኙ እሷንም ጨመሩባት። ዞረባቸውና ወደቁ። ለልጃቸው በር መታኝ ብለው ነገሯት። «የድሮው ቀዩ ፍርስርሱ ቢወጣም ክኒኔ ይታየኝ ነበር» አሉኝ። «ይሄ ያንተው ያምራል አሉ። እኔ እንጃ፣ አላየሁትም።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ። በያዝኩት ሌላ ሥራ ላይ ቆሜ አንድ ረድፍ አጣምሜ ደረደርኩ፤ በሃያ ስድስት ዓመት አድርጌው አላውቅም። ባለቤትየው «ውሃ ልክ፣ ምን ነካህ?» ሲለኝ ነቅዬ ጣልኩት። ለልጃቸው ብናገር ቃሌን በላሁ፣ እማማም ከቤታቸው ወጡ። ባልናገር ደግሞ አንድ ቀን ወድቀው ይቀራሉ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እግሬ ራሱ እሳቸው ጋ ወሰደኝ። ክኒን የሚቀመጥበትን የፊቱን ረድፍ ነቅለን በሌላ ቀለም እንተካው፣ ልጅዎ ስትጠይቅ ነጩ ተሰንጥቆ ነው እንበላት አልኳቸው። በደስታ እሺ አሉ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ልክ እንደ ሕፃን ሸፍጥ ተማከርን።

ረቡዕ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ በጠራራ ፀሐይ በራሳቸው እጅ በሩን ከፍተውልኝ ገባሁ። የትኛው ቀለም እንደሚታያቸው ስለማላውቅ ሦስት ሴራሚክ ይዣለሁ፤ አንድ ጥቁር፣ አንድ ሸክላማ፣ አንድ ሰማያዊ። መጀመሪያ ነጩን ልንቀል ብዬ መምታት ጀመርኩ። ጎረቤት መዶሻ ሰምቶ ለልጃቸው ደውሏል። 6 ሰዓት ከ45 ላይ የመድኃኒት ቤቱን ነጭ ጋዋን እንደለበሰች ገባች። ሦስት ቀን የመረጠችው ሴራሚክ መሬት ላይ ፍርስርሱ ወጥቷል። እስከዚያ ቀን እርስዎ ስትለኝ የነበረችው «አንተ! ምን እያደረግህ ነው?» አለችኝ። እኔ ወደ እማማ አየሁ። እሷም ዞራ «እማዬ፣ አንቺ ነሽ የጠራሽው?» አለቻቸው።

«እኔ? ኧረ እኔ አልጠራሁትም» አሉ።

ከፋኝ። እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ በጣም ነው የከፋኝ። ነገር ግን ሳህኑን በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው እንደያዙ አየሁ። ስለዚህ «ሥራዬ አስጠላኝና ላፈርሰው መጣሁ» አልኩ። ልጅቷ ፖሊስ ጠራች። እዚህ ስደርስ «ጠጥተሃል?» ተባልኩ፣ «አዎ፣ ውሃ» አልኩ። መዶሻዬ፣ መሮዬ፣ ውሃ ልኬና ሦስቱ ሴራሚኮች በኤግዚቢትነት ተያዙ። እኔም ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በሰው ዋስ ወጥቼ ዛሬ እንድመለስ ታዘዝኩ።

ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እናትና ልጅ አብረው መጡ። ልጅቷ ክሷን ልትገፋበት፣ እማማ ደግሞ ምስክርነት ሊሰጡ ነው። መርማሪው የትናንቱን ቃሌን አነበበ። እማማ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡና «ውሸቱን ነው» አሉ። «የጠራሁት እኔ ነኝ። ሴራሚኩ አስጠላኝ፣ አፍርስልኝ አልኩት።» ያቺም ግማሽ እውነት ናት። ልጃቸው «እማዬ! ያምራል ብለሽ አልነበር እንዴ?» ስትል «ያኔ አምሮኝ ነበር» ብለው መለሱላት። እኔ መሬት መሬት አየሁ። መርማሪው የተናገሩትን ጽፎ ወረቀቱን ፊታቸው አስቀመጠ። ይኸው እንደምታዩት የዚህ ጠረጴዛ ላዩ ነጭ ነው። «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አላቸው። እማማ ብዕሩን ተቀበሉ፣ ወገባቸውን ቀጥ አደረጉ፣ ሙሉ ስማቸውን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጻፉ። የጻፉት ጠረጴዛው ላይ ነው። ከወረቀቱ አንድ ስንዝር ርቆ።

ብዕሩን ፈገግ ብለው መለሱ። ልጃቸው ፊርማውን አየች፣ ከዚያ የግንባራቸውን እብጠት አየች፣ ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እማማ ዝምታው ገባቸውና «ወረቀቱን ሳትኩት እንዴ?» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከካቻምና ጀምሮ።»

«እኔ ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ስሰጥ የምውል ሰው፣ እንዴት አትነግሪኝም እማዬ?»

«አራተኛ ፎቅ ልትሰቅይኝ?»

ልጅቷ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ይጻፍ፣ አላፍርበትም። ያን ጊዜ ስለ ክኒኑም፣ ስለ ውድቀቱም፣ ስለ ማክሰኞውም ምክር ሁሉንም ነገርኳት። እማማም «አዎ፣ አዎ» እያሉ አረጋገጡ። «ነገ ዓይን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፣ እንቢ ማለት የለም» አለቻቸው፣ እሺ አሉ። ፊቷን ጠርጋ ሦስቱን ሴራሚኮች ለማውጣት መርማሪውን አስፈቀደች። ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ከቦርሳዋ አንድ ነጭ ክኒን አውጥታ ጥቁሩ ላይ አስቀመጠችና «እማዬ፣ ይታይሻል?» አለች። እማማ ጎንበስ ብለው «ያብረቀርቃል፣ ሁለት ክኒን አለበት እንዴ?» አሉ። ሸክላማው ነጠብጣብ ነበረው፣ «እዚህ ላይ ደግሞ ሁሉም ክኒን ነው» አሉ። ሦስተኛው፣ የማያብረቀርቀው ሰማያዊ ላይ ስታስቀምጠው ግን ሳይዳብሱ በሁለት ጣታቸው ክኒኗን ብድግ አደረጓት።

«ቀለሙ ግን አስቀያሚ ነው አይደል?» አሉ። ልጃቸው «በጣም» አለች። እኔም ብሆን ለቤቴ አልመርጠውም።

እማማ ክኒኗን እንደጨበጡ ወደ እኔ ዞሩና «ውሃ ልክ፣ ለደረጃዬም ጠርዝ ከዚሁ ይበቃ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ለእኔ አልነበረም፣ ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ ገብቶናል። ሊወጡበት ላለ ቤት ደረጃ የሚያሠራ የለም። ልጃቸው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፊርማ በጣቷ ዳበሰች። እኔ እንደገና ተነሥቼ ቆምኩ፣ ማንም ተቀመጥ አላለኝም።

«የደረጃውንም ይሥሩልን» አለችኝ። እንደ ድሮው በእርስዎ ነው ያለችኝ።

የማውቀው ይኸው ነው። የትናንቱ ቃሌ ይሰረዝልኝ፤ የዛሬው በዓይኔ ያየሁትና በእጄ ያደረግሁት ነው፣ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፣ ሐሰት ቢገኝበት እጠየቅበታለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያዬ ዛሬውኑ ይመለስልኝ። መደቡ እንደፈረሰ ነው፣ እማማ ደግሞ ዛሬም የማታውን ክኒን ይወስዳሉ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ (ቆመው ፈርመዋል)
የከሳሽ ፊርማ፦ (ክሷን ማንሣቷን ገልጻ ፈርማለች)
የመርማሪው ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ጠረጴዛው ላይ ያለው ፊርማ አልተጠረገም። እናቲቱ በዚህ ቃል ላይ በምስክርነት ሲፈርሙ ወረቀቱ ከሥሩ ሰማያዊው ሴራሚክ እንዲነጠፍለት ስለጠየቁ፣ ኤግዚቢት ተራ ቁጥር 6 ለጊዜው ተሰጥቷቸዋል። ማንም እጃቸውን አልያዘም። ፊርማቸው መስመሩ ላይ ነው።