የእንግዳ ወንበር

የእናቴን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ የማስጫው ሽቦ አዝጎብኝ ወደ ሰፈራችን ላውንደሪ ጎራ ስል፣ የጎረቤታችንን ወንድም እዚያ ተቀምጦ አገኘሁት። የተቀመጠው በእንግዳ ወንበር ላይ ነው። ቤቱ ያለው ወንበር እሱ ብቻ ነው። ሠራተኛ አይቀመጥበትም፤ ባለቤቲቱ ራሳቸው እንኳ ሲቀመጡበት አይቼ አላውቅም። ስለዚህ የማስረጃ ፋይሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ገና ሳየው፣ ሥራ ሊጠይቅ መጥቶ እንደማይሳካለት ገባኝ።

ይህ ሰው በኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ አለው። ሰፈርተኛው «ምሁሩ» ይለዋል፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ ለሹፈት። ያስተምርበት የነበረው ኮሌጅ ከተዘጋ ወዲህ የሚያድረው እህቱ ቤት ሶፋ ላይ ነው። የቤቶቻችን ግድግዳ ስስ ስለሆነ፣ የእህቱ ባል «እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራ ካላገኘ ወደ አባቱ ቤት ይመለስ» ማለቱን ሳልፈልግ ሰምቻለሁ። ምሁሩ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ቀለም ፋብሪካው፣ መድኃኒት መደብሩ፣ ሳሙና አከፋፋዩ፣ ሁሉም ማስረጃውን አይተው «ለዚህ ሥራ ትልቅ ነህ» እያሉ መልሰውታል። ትልቅ ሆኖ ሶፋ ላይ ማደር እንዴት እንደሚሆን የጠየቀው የለም።

ባለቤቲቱን ልጆች «እትዬ ካውያ» ይሏቸዋል፤ የተጨማደደ ነገር ስለማይወዱ። ሻይ አስመጥተውለታል። በልጃቸው ዕድሜ ያለውን ሰው «እርስዎ» እያሉ ያነጋግሩታል።

«እርስዎን የሰው እድፍ ባስፈትግ ሰው ምን ይለኛል?» አሉት።

«እድፉ ዲግሪዬን አይጠይቀኝም፣ እትዬ።»

«እሱስ አይጠይቅም። ግን ሰፊ ልብስ ያደናቅፋል።»

«ሰፊ ልብስ ይጠባል። ሰፋ አልል የሚለው ጠባቡ ነው።»

«ሲጠብ ስፌቱ ይታያላ» አሉ ፈገግ ብለው። በልብስ ምሳሌ እሳቸውን የሚረታ የለም።

ከዚያ ዋና ምክንያታቸው ነው ብለው ያሰቡትን አስረዱት። የተማረ ሰው የተሻለ ነገር እስኪያገኝ ነው የሚቆየው፤ አሠልጥነውት፣ ደንበኛ ለምዶት፣ አንድ ቀን ጠዋት ይጠፋል። ምሁሩ ከዚህ በፊት እድፍ የሚያስለቅቀው ሠራተኛ የት እንደሄደ ጠየቃቸው። መንገዱን ተሻግሮ ካለው ላውንደሪ እንደገባ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይላቸው እንደሄደ ነገሩት።

«ስንተኛ ክፍል ነበር?»

«ኧረ እሱ ስሙን ለመጻፍም ያልበው ነበር።»

«ታዲያ ምን ይዞ ሄደ?»

«እግሩን ነዋ!»

«እግር እንግዲህ ላልተማረውም አልተከለከለም» አለ ምሁሩ።

ከኋላ ያሉት ልብስ ተኳሾች ሳቁ። እትዬ ግን አልሳቁም። «አይ፣ ይቅርብኝ» አሉ፤ «ያክብርልኝ፣ እግዜር የተሻለውን ይስጥዎት።» እሱም አመስግኖ፣ ማስረጃ የያዘበትን ፋይል ከጉልበቱ አንሥቶ ተነሣ።

እንዲህ ያለውን አሸኛኘት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ለሚሰድብ ቀጣሪ ቢያንስ መልስ ይሰጡታል፤ የሚያከብር ቀጣሪን ምን ይሉታል? ሻይ አስመጥቶ፣ በር ድረስ ሸኝቶ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል።

እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ያን ቀን ግን ስሱ ግድግዳችን ትዝ አለኝ። የእትዬን ፊት ስመለከትም፣ ምክንያታቸው የሄደው ሠራተኛ ነገር እንዳልሆነ ጠረጠርሁ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አልሁ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ «ሥራ ያበላሸ እንደሆነ እሱን መቆጣቱ ይሆን የከበደዎት?»

እትዬ ባንኮኒው ላይ ያልነበረውን አቧራ በእጃቸው ጠረጉ።

«እኔ ከአራተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው ነኝ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «እነዚህን ተኳሾች ስቆጣ እውላለሁ፤ አይቀየሙኝም። እሱን ግን በምን አፌ ‹ተው› እለዋለሁ?»

ምሁሩ በሩ ጋ ቆሞ ሰማ። ተመልሶ ፋይሉን ወንበሩ ላይ አስቀመጠና፣ ባንኮኒው ላይ የዘረጋሁትን የጠረጴዛ ልብስ ተመለከተ። «ይህ ዝገት ነው። ሎሚ አለ?» አለ። አንዷ ልብስ ተኳሽ አቀበለችው። ጨመቀበት፤ ጨው ነሰነሰበት፤ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ባለ በሌለ ኃይሉ ይፈትገው ጀመር።

«ተው እንጂ!» እትዬ እጁን በጥፊ መቱት። «ድስት ነው እንዴ የምትፈትገው? ጨርቁን ጸጉር ልታስበቅለው ነው?»

ካውያዎቹ ሁሉ በአየር ላይ ቆሙ።

«እሺ፣ እትዬ» አለ ምሁሩ። «እንዴት ላድርግ?»

እትዬ የመቱበትን እጃቸውን አዩት። ሰማይ አልተደፋም። ሰውየውም አልተቀየመም፤ መልሳቸውን እየጠበቀ ነው። ስለዚህ አሳዩት፤ ከሥር የታጠፈ ጨርቅ ማድረግን፣ ከላይ ጫን ነሣ ማድረግን፣ ፀሐይ ላይ ጥቂት መተውን። እሱም ሎሚው ዝገቱን ለምን እንደሚያሟሟው፣ በረኪና ለምን እንደሚያባብሰው ነገራቸው።

«ለካ ለዚህ ነው!» አሉ። «ዕድሜዬን ሁሉ በሎሚ አስለቅቃለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም።» ከዚያ በስተጥግ ያለውን መስቀያ አመለከቱት። እድፋቸው አልለቅ ያለና ለባለቤቶቻቸው ሊመለሱ የተሰቀሉ ልብሶች ናቸው። «እነዚያስ?»

«ሁሉንም አስለቅቃለሁ አልልም። ልሞክራቸው ግን እፈልጋለሁ።»

«እስቲ ወረቀቱን ተወውና ንገረኝ፤ ለምን መጣህ?»

ምሁሩ ይህን ጥያቄ የጠየቀው ቀጣሪ እንዳልነበረ ነገራቸው። ጥፋቱ የቀጣሪዎቹ ብቻ እንዳልሆነም አልደበቀም፤ እሱ ራሱ በሄደበት ሁሉ የተማረውን ይዘረዝራል እንጂ መሥራት የሚፈልገውን ተናግሮ አያውቅም።

«መሥራት ስለምፈልግ ነው የመጣሁት» አለ። «ልሄድ እችላለሁ፤ አልዋሽዎትም። ግን ቀደም ብዬ ሳልነግርዎት፣ የማውቀውንም ለእነዚህ ሳላሳይ አልሄድም።»

«ስትሳሳትስ?»

«ይቆጡኛል።»

«በጠዋት ና» አሉት። «ወንበሩ ላይ እንዳላይህ ብቻ።»

ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ልንገራችሁ። መስቀያው ሙሉ በሙሉ ባይራቆትም ሳስቷል። ልብስ ተኳሾቹ የትኛው ፈሳሽ ከየትኛው ጋር እንደማይቀላቀል አውቀዋል፤ ጓንት ማድረግ ስለለመዱ እጃቸው መላጡን ትቷል፤ ተቸንክሮ የኖረው የኋላው መስኮት የፈሳሾቹ ጠረን እንዲወጣ ተከፍቷል። እትዬ አሁንም በቀን አንዴ ይቆጡታል። በእኛ ግድግዳ በኩል ደግሞ የሚሰማው የሳህን ድምፅ ብቻ ነው፤ ምሁሩ ራሱን ችሎ ክፍል ተከራይቷል።

ትምህርት ለሰው ሸክም የሚሆነው፣ ያለው ሰው በእሱ ብቻ ሲመዘን፣ የሌለው ሰው ደግሞ ሲፈራው ነው። ቀጣሪ «ይህ ሰው ይበዛብኛል» ብሎ ከመገመት ይልቅ ቢጠይቅ፣ ሥራ ፈላጊም ከማስረጃው በፊት ፍላጎቱን ቢያስቀድም፣ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ባልተለያዩ ነበር።

ባለፈው የጠረጴዛውን ልብስ ይዤ ስሄድ አንዲት ልጅ ከእኔ ቀድማ ገባች። ምህንድስና ጨርሳለች፤ ልብስ ወደ ደንበኛ ቤት ለሚመላለስበት ሥራ ሰው ትፈልጋላችሁ ወይ አለች። እትዬ ልማዳቸው ሆኖ የእንግዳውን ወንበር ሳቡ። ከዚያ ቆም አሉና መልሰው ወደ ግድግዳው ገፉት።

«ሞተር መንዳት ትችያለሽ?» አሏት።