ሙሉ ቀን ለሠራች ግማሽ ዋጋ

ጦርነቱ ጋብ ባለበት ዓመት፣ የኢዱ ሳምንት አልፎ ግንቦት በባተ ጊዜ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ሐጂ ኑርዬ ሽንኩርት የሚነቅልላቸው ሰው ፍለጋ ወደ ሐይቅ ከተማ ወጡ። ከሐይቁ ዳር ያለው ማሳቸው ደርሶ ቅጠሉ ተኝቷል፤ በማግስቱ ከደሴ አይሱዙ መጥቶ ሊጭን ቀጠሮ ተይዟል። የቀን ሠራተኛ ከሚቆምበት አስፋልት ዳር ሲደርሱ ወንዶቹ እንደ ወትሮው ተኮልኩለዋል፤ ሴቶቹ ግን የሉም። ሌላ ጊዜ ሐጂን ገና ከሩቅ ሲያዩ ከሚከቧቸው ሃያ ሠላሳ ሴቶች ያን ዕለት አንዲት እንኳ አልመጣችም።

«ምን ጉድ ነው ይኼ!» እያሉ ግራ ገብቷቸው ቆመው ሳለ፣ የሟች ወንድማቸው ልጅ ፈሂማ በዚያ ስታልፍ ተገናኙ። ፈሂማ ደሴ ተምራ በዲግሪ ብትመረቅም ሥራ አጥታ፣ አራት ዓመት ሪያድ በሰው ቤት ሠርታ፣ ጦርነቱ ሊጀመር ሰሞን ተመልሳ ደብተርና እስክሪብቶ የምትሸጥበት ሱቅ የከፈተች ልጅ ናት። በእጇ ቴምር የያዘ ፌስታል አንጠልጥላለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም አጎቴ፤ እንዴት አደሩ?»

«ወዓለይኩሙሰላም የኔ ልጅ፤ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ሴቶቹን ምን ነካቸው? ሰርግ አለ እንዴ?»

«ሰርግ ቢሆንማ በወደድኩ። ሀውራን ሊሸኙ ቤቷ ገብተው ነው። እኔም ለመንገዷ ቴምር ይዤላት እየሄድኩ ነው።»

«ሀውራ? ወዴት ልትሄድ?»

«ወደ ዓረብ አገር ነዋ። በሎጊያ አድርጋ፣ በባሕሩ። መኪናዋ አራት ሰዓት ላይ ይወጣል።»

ሐጂ ኑርዬ ክው አሉ። ሀውራ ከማሳቸው ሴቶች ሁሉ እጇ የሚፈጥን፣ ባሏ ኢስሃቅ በጦርነቱ ዘምቶ የቀረባት፣ ሁለት ልጆችና አሮጊት እናት የያዘች ሴት ናት። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ባለፈው ጥቅምት ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ሐጂ ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው ሲሸሹ፣ ውሃ የሚስቡበትን ሞተር ትተውት ነበር የሄዱት። ሀውራ ከእናቷ ጋር ሆና በሌሊት እየጎተተች ወስዳ ከቤቷ ወለል ሥር ቀበረችው፤ ከላዩም ምድጃ ሠራችበት። ዘራፊ ሦስት ጊዜ ቤቷን በርብሮ ሳያገኘው ሄደ። ዛሬ የሚነቀለው ሽንኩርት የጠጣው ውሃ በዚያ ሞተር የተሳበ ነው።

የምትሄድበትን ምክንያት ሐጂ አልጠየቁም። ያውቁታላ! ባለፈው ሐሙስ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ሐጂ፣ ከወንዶቹ እኩል መስመር እነቅላለሁ፣ እኩል እገባለሁ፣ እኩል እወጣለሁ። ለእነሱ በቀን ሦስት መቶ ብር፣ ለኔ መቶ ሃምሳ ነው። ሦስት መቶ ቢከፍሉኝ ልጆቼን ይዤ እኖራለሁ፤ ካልሆነ እንደ ሰው ሁሉ መሄዴ ነው» ብላቸው ነበር። እሳቸውም እየሳቁ፣ «ልጄ፣ ሴት እኮ ግማሽ ናት፤ ኪታቡም እንዲሁ ነው የሚል!» አሏት። ወንዶቹም ሳቁላቸው። ሲሳቅላቸው ደስ አላቸው፤ ሀውራ ቀና ብላ እንዳላየቻቸው እንኳ ልብ አላሉም።

«እስቲ አንድ ጊዜ ይቀመጡ፣ አጎቴ» አለች ፈሂማ፣ ከተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ቦታ እያሳየቻቸው። «ካላስቀየምኩዎት አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ጠይቂ። ግን ወቀሳ ከሆነ ሰዓቱ አይደለም፤ መኪናው ነገ ይመጣል፣ ሽንኩርቴ ሜዳ ላይ ነው።»

«ለሴት ግማሽ የሚከፍሉት ለምንድን ነው?»

«እኔ ያመጣሁት ነው እንዴ? አባቴም እንዲሁ ከፈለ፤ ባለ ቲማቲሙ አብዱልመናንም ይከፍላል፤ አገሩ ሁሉ ይከፍላል። ወንድ ቤተሰብ አለበት፤ ሚስቱን፣ ልጁን ያበላል። የሴት ገንዘብ ግን የጨውና የሳሙና ነው፤ ዋናውን ባሏ ያመጣል።»

«ሀውራ ባል አላት?»

«አላህ ይዘንለት እንግዲህ። የሷ ነገር የተለየ ነው።»

«የፈዲላስ? የራዚያስ? ከዚህ ጦርነት ወዲህ ከማሳዎ ሴቶች ባሏ ቤት ያለው ስንቷ ናት? ሱሩር ደግሞ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ሦስት መቶዋን ተቀብሎ ማታውኑ በጫት ይጨርሳታል። በቤተሰብ ከሆነ የሚከፈለው፣ ለሱሩር ግማሹን፣ ለሀውራ ሙሉውን ይስጡ።»

ሐጂ ሳይወዱ ሳቅ አመለጣቸው። ሱሩር በዚያው ከወንዶቹ መሀል ቆሞ ያዛጋ ነበር። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም፤ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ አዛወሩ።

«ጉልበቱስ? ኩንታል ሽንኩርት ተሸክሞ መኪና ላይ የሚወጣው ማን ነው? ሴት ናት?»

«ጥሩ አሉ። የሚጭኑት ስንት ናቸው?»

«አራት፣ አምስት።»

«እንግዲያው ለአምስቱ የጭነቱን ለብቻው ይጨምሩላቸው፤ ሐቃቸው ነው። የቀሩት ወንዶች ግን ጎንበስ ብለው ነቅለው፣ ቅጠሉን ቆርጠው ነው የሚውሉት፤ ሴቶቹም ያንኑ። መስመሩን ማን ቀድሞ ይጨርሳል?»

መልሱን ሐጂ ያውቁታል። ሀውራ መስመሯን ጨርሳ ተመልሳ የሌላውን ስታግዝ ስንት ጊዜ በዓይናቸው አይተዋል! «ሀውራ ትፈጥናለች» አሉ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው። «እሱን አልክድም። ግን ልጄ፣ ሸሪዓውስ? ወንድ ልጅ የሁለት ሴት ልጆች ድርሻ ይወስዳል። ይኼን እኔ አልደነገግኩትም።»

ይህች ናት እንግዲህ የሐጂ ኑርዬ ትልቋ ስሕተት። የእሳቸው ብቻም አይደለች፤ በዚያ አካባቢ ስንቱ ባለ ማሳ ከአባቱ ሰምቶ ሳይመረምር ይዟታል። ቀን ሙሉ ፀሐይ የመታትን ሴት ሐቋን እየከለከሉ መልሰው ሃይማኖት ነው ይላሉ፤ ሕሊናቸውም ተኝቶ ያድራል።

ፈሂማ ድምፅዋን አላነሳችም። «አጎቴ፣ እርስዎ ደርስ ተቀምጠው ኪታብ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እኔ ላስተምርዎ አልችልም። ግን ያሉኝ ድርሻ የውርስ፣ የሚራስ ነው፤ ሟች ትቶት የሄደው ንብረት የሚከፋፈልበት። ሀውራ እርስዎን ልትወርስ አልመጣችም። የሠራችበትን ነው የጠየቀች። ሚራስ ሌላ፣ የሠራተኛ ሐቅ ሌላ አይደለም እንዴ? ከተጠራጠሩ ሼህ ኡበይድ አሉ፤ ይጠይቋቸው።»

«ሌላ ነው» አሉ ሐጂ። «መጠየቅ አያስፈልገኝም። ሌላ ነው። አባቴ ሲል ሰማሁ፣ እኔም አልኩ።» ጺማቸውን ዳበስ አደረጉ። «ግን አሁን እኔ ብቻዬን እኩል ብከፍል፣ እነ አብዱልመናን ገበያ አበላሸህ ብለው ያኮርፉኛል። ለቀብር በቅሬ ስንሰበሰብ እንኳ ሰላም አይሉኝም።»

«ያኩርፉ። ጎበዝ ሴቶች ሁሉ ወደ እርስዎ ማሳ ሲመጡ እነሱም መክፈላቸው አይቀርም። ግን እኔ የምነግርዎት ሌላ ነው። ሪያድ ሳለሁ በአንድ ቤት ሦስት ሠራተኞች ነበርን። ሁለቱ ከሌላ አገር ናቸው። አንድ ዓይነት ሥራ እየሠራን ለእነሱ የሚከፈለው ለኔ ከሚከፈለው እጥፍ ነበር። እመቤቲቱን ለምን ብዬ ብጠይቃት ምን አለችኝ? ‹የእናንተ ዋጋ ይኸው ነው› አለችኝ። ሌላ ምክንያት የላትም። ሐቢባም ኩዌት ሆና ይህንኑ አልነገረችዎትም?»

ሐጂ ቀና ብለው አዩዋት። ሐቢባ የገዛ ልጃቸው ናት፤ ኩዌት ከሄደች ስድስት ዓመቷ። ይህንን በስልክ ስታለቅስ የነገረቻቸው ቀን ምግብ አልበላም ብለው ነበር የዋሉት። «የሰው ላብ የሚበላ! አላህ ይፍረድበት!» ብለው በአሠሪዋ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አድርገዋል። አሁን ያ ዱዓ ትዝ አላቸው።

«ያ ረቢ» አሉ። «በራሴ ላይ ነው ለካ የለመንኩት።»

«እንዲህ አልልዎትም፣ አጎቴ።»

«እኔ ግን እላለሁ። ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ተኩል አልፏል።»

ሐጂ ኑርዬ ከዚያ ወዲያ አልተከራከሩም። ባጃጅ አስቁመው ፈሂማን ይዘው ወደ መናኸሪያ በረሩ። ሽንኩርቱም፣ መኪናውም ከሐሳባቸው ወጥቷል።

ሀውራ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጣለች። ከውጭ እናቷ እማማ ዑምኩልሱም ሁለቱን ልጆች በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የማሳው ሴቶች ዙሪያውን ቆመው ያለቅሳሉ። ሐጂ መንገድ ተለቀቀላቸውና ከመስኮቱ ሥር ቆሙ።

«ሀውራ፣ ውረጂ ልጄ። ከዛሬ ጀምሮ ሦስት መቶ ነው። ላንቺ ብቻም አይደለም፤ ለሴቶቹ ሁሉ።»

ሀውራ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። «ሐሙስ ዕለት የለመንኩዎት ይህንኑ አልነበረም?»

«ነበር። አጥፍቻለሁ፤ አውፍ በይኝ።»

«አውፍ ብያለሁ፣ ሐጂ፤ በሆዴ ይዤ ባሕር አልሻገርም። ግን አርብ ዕለት ላሜን ሸጥኩ። ገንዘቡን ደላላው ወስዷል፤ ቀርቻለሁ ብለው አይመልስልኝም።»

«ላሟን እኔ እገዛልሻለሁ! ወላሂ እገዛልሻለሁ!»

«ዛሬ ደንግጠው ነው» አለች ሀውራ፣ ሳትቆጣ። «ክረምት ይገባል፣ የሽንኩርቱ ሥራ ያልቃል፣ ድንጋጤዎም አብሮ ያልፋል። ሞተሩን አውጥቼ የሰጠሁዎት ቀንም እንዲህ ነበር የሆኑት፤ እጄን ስመው እያለቀሱ ‹ልጄ ነሽ› ብለውኛል። በሳምንቱ መቶ ሃምሳ ቆጥረው ሰጡኝ። እኔ በሰው ድንጋጤ ልጅ ማሳደግ አልችልም። ዱዓ ያድርጉልኝ።»

ፈሂማም ለመነቻት፤ ሴቶቹም ለመኗት። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። ትንሿ ልጅ «እማዬ» ብላ ስትጮህ ሀውራ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፤ ሚኒባሱም ወደ ደሴ መንገድ ወጣ። ሐጂ ኑርዬ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው በሰው ፊት ቆመው አለቀሱ።

ቃላቸውን ግን አላጠፉም። በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ማሳው ላይ ሠራተኛውን ሰብስበው፣ ለሚነቅል ወንድም ሆነ ሴት ሦስት መቶ፣ ለሚጭን የጭነቱ ለብቻው እንደሆነ ተናገሩ። ሱሩር አጉረመረመ፤ ጭነቱ ላይ ሲጨመርለት ዝም አለ። አብዱልመናን ለአሥር ቀን አኮረፋቸው፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ቲማቲሙን የሚለቅምለት ሴት ሲያጣ እሱም ከፈለ። ሥራውም ፈጠነ፤ ቀድሞ ሁለት ቀን ይፈጅ የነበረው ማሳ በአንድ ቀን ተኩል አለቀ። ፈዲላ ሥራ ልታስገባው የነበረውን ልጇን መልሳ ትምህርት ቤት ላከችው። ራዚያም ከደላላው ጋር የያዘችውን ቀጠሮ ተወችው። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ፈሂማ ያለችው ሁሉ ሆነ።

ሀውራ ግን ከጅቡቲ ዳርቻ፣ ኦቦክ ከሚባል ቦታ አንድ ጊዜ ደውላ፣ «ዛሬ ማታ ጀልባ አለ ብለውናል» አለች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም። ፈሂማ ሪያድም ጂዳም ያሉ የምታውቃቸውን ሁሉ ጠየቀች፤ አየኋት ያለ አልተገኘም። ደላላውን ቢፈልጉት እሱም ቤቱን ለቋል።

በሰኔ መጀመሪያ ሐጂ የመጨረሻውን ቁራጭ ማሳ ሲያስነቅሉ እማማ ዑምኩልሱም ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። ሐጂ ደንግጠው፣ «ኧረ በአላህ፣ እርስዎ ቁጭ ይበሉ፤ ለልጆቹ የሚሆን እኔ እልካለሁ» ቢሏቸው፣ «ሠርቼ እንጂ አልቀበልም» አሉ። ወገባቸውን አስረው ቀኑን ሙሉ ነቀሉ። ማታ ሐጂ በተራቸው ሦስት መቶ ብር ሲሰጧቸው እማማ ገንዘቡን አገላብጠው አዩት።

«ሐጂ፣ ይህ የሴት ነው?»

«አዎ። አሁን የሴትና የወንድ የሚባል የለም።»

«ያን ሐሙስ ይህን ቢሰጧት ኖሮ ልጄ ትሄድ ነበር?»

ሐጂ ኑርዬ ግን አልሸሹም።

«አትሄድም ነበር» አሉ። «ላሚቱም አትሸጥም ነበር። ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ያድሩ ነበር፤ እርስዎም በዚህ ዕድሜዎ ሽንኩርት አይነቅሉም ነበር። እኔም የማሳዬን ጎበዝ አላጣም ነበር። ከኔም የሚጎድል አልነበረም፤ ሥራዋ ራሱ ይመልሰው ነበር። አሁን ሁሉም ገብቶኛል፣ እማማ። የገባኝ ግን እሷ ከሄደች በኋላ ነው።»

እማማ ዑምኩልሱም ከሦስቱ መቶ ግማሹን ለይተው በአንድ እጃቸው፣ የቀረውን በሌላው እጃቸው ያዙት። ሁለቱን እያፈራረቁ አዩ።

«እንግዲያው ልጄ የሄደችው በዚህ ነው» አሉ፣ መቶ ሃምሳውን ብር እያሳዩ።