የአዳነ ካርድ

አያ የሻው በጎንደር ከተማ በአንድ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሠላሳ ዓመት የሠሩ ነርስ ናቸው። አጭር አድርገው በመጻፋቸው ይኮራሉ። አንድ ቀን ጠዋት በሩ ላይ ስንቅ ያንጠለጠለ ገበሬ አገኙ።

«ከመካነ ብርሃን ነው የመጣሁ። ታላቅ ወንድሜን አዳነን ልወስድ ነበር፤ ሐኪሙ ከልክለዋል አሉኝ። ምነው፣ ምን አጠፋ?»

አያ የሻው ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ ይዘውት ገቡ። ወጣቷ ነርስ የትነበርሽ የአዳነን ካርድ ገልጣ ጠበቀቻቸው።

«አያ፣ ‹ሰው አገኝ እያለ ወደ በሩ ሮጠ። አስቸጋሪ።› ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። በአንድ መስመር ሸጋ አድርጌ ጨረስኩት።»

«ሐኪሙ ሰው ሊመታ የሮጠ መስሏቸው ከሆስፒታል እንዳይወጣ ከለከሉ። ማንን ሊመታ ነበር?»

«ኧረ ማንንም። በሩን ይዞ አለቀሰ እንጂ።»

«ታዲያ ምነው እሱን አልጻፉት?»

አያ የሻው ተቆጡ። «ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኔ በሽተኛን በዓይኑ አውቅ ነበር። ለእያንዳንዱ ገድል ልጻፍለት? በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ብዬ ጻፍኩ፤ በቃ።»

«ስሕተቱም ይወረሳል እኮ፣ አያ። እርስዎ ዓይኑን አይተዋል፤ ሐኪሙ ያዩት ‹አስቸጋሪ› የሚለውን ብቻ ነው። ያዩትን እንዳዩት፣ የሰሙትን በራሱ ቃል፣ ግምትዎን ደግሞ ግምት ነው ብለው ቢጽፉት ምን ይጎዳዎታል?»

«ጊዜዬን ይጎዳኛል።»

ገበሬው ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ አርጉልኝ፤ ሰውአገኝ እኮ እኔ ነኝ። ማክሰኞ እመጣለሁ ብዬው ማኪና አጣሁ።»

አያ የሻው ካርዱን ዳግመኛ አዩት። ለካስ የሰውን ስም ለሁለት ሰንጥቀው ጽፈውታል። አፈሩ፤ ማፈራቸውንም አልደበቁም። የቀድሞውን ጽሑፍ በአንድ መስመር ሰርዘው ከሥሩ ጻፉ፦

«ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። አዳነ ‹ሰውአገኝ› እያለ ወደ በሩ ሮጠ። ስሙ የወንድሙ ነው፤ በዕለቱ እንደሚመጣ ነግሮት እንደነበር ወንድሙ ራሱ ገልጾልናል። በሩን ይዞ አለቀሰ፤ ማንንም አልነካም። ‹አስቸጋሪ› ያልኩት የእኔ ግምት ነበር፤ ተሳስቻለሁ። የሻው።»

ሐኪሙ አንብበው፣ አዳነንም አነጋግረው እንዲወጣ ፈቀዱ። በትክክል የተጻፈ ካርድ ለሐኪም ዓይን፣ ለታማሚም አንደበት ይሆናል። ለመጻፍ የፈጀውም ከሩብ ሰዓት አላለፈም።

«ረዘመ» አሉ አያ የሻው፣ ብዕራቸውን እየከደኑ። «ግን ሰውየው አለበት።»

ከሰዓት በኋላ አዳነ መድኃኒቱን ይዞ በዚያው በር ወጣና «ሰውአገኝ» ብሎ ተጣራ።

«አቤት» አለው ወንድሙ።